ኒሻኖቹ የጠፉበት ረፋድ

ሻለቃ ሰር ኦብሪ ፔንሃሎው የመስታወት ሣጥናቸውን ከፍተው ባዶውን ቀይ ከፋይ ሲያዩ የለቀቁት ጩኸት ሃይ ስትሪት ላይ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሰው ሳይቀር አስደነገጠ። ክሊንተንቪል በተባለው ጸጥተኛ የአሜሪካ ሰፈር ውስጥ ሰው አይጮኽም። ውሻው እንኳ የሚጮኸው አስፈቅዶ ነው። እናም ሰፈሩ በሙሉ ተሽቀዳድሞ ፖሊስ ጠራ።

በማግሥቱ፣ ረቡዕ፣ የተላከችው መርማሪ ሐምራዊት መንግሥቱ ነበረች። ለምን እሷ? አለቃዋ፣ "የምታስታምማቸው ሴት ኢትዮጵያዊት ናት፤ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ" ስላላት። ሐምራዊት ይህንን "ታውቂያቸዋለሽ" የሚባል ነገር ከጥርስ ሕመም እኩል ነው የምትጠላው። አበሻ ሲሰረቅ እሷ፣ አበሻ ሲጠረጠር እሷ፣ አበሻ ፓርኪንግ ላይ ሲጣላ እሷ። አሜሪካ የመጣችው ገና ልጅ ሆና ነው፤ ሀበሾቹ "ፈረንጅ ናት" ይሏታል፣ ፈረንጆቹ "ያንቺ ሰዎች" ይሏታል። የማን ትሁን?

ሻለቃው ሰማንያውን ካለፉ ቆይተዋል። ጀርባቸው ግን አሁንም እንደ ተተከለ ችካል ቀጥ ያለ ነው።

"ወጣቷ እመቤት፣ ጫማሽን ጥረጊ" አሏት፣ ገና በሩን ሳታልፍ።

ጠረገች።

"ስድስት ኒሻኖች ናቸው። አንዱን የመን በረሃ ውስጥ እግሬን ተመትቼ ነው ያገኘሁት። የተወለድኩበትን ትልቅ ቤት ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ግብሩ እየተከመረ አጣሁት። ባለቤቴን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልብ ሕመም ወሰደብኝ። ይሄ ቤት የእሷ ነው፣ ከተማውም የእሷ ነው። የእኔ የነበረው እዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው ብቻ ነበር።"

"ማን ሊፈልጋቸው ይችላል?"

"ማንም ጤነኛ ሰው። ለነገሩ ልሰጣቸው ነበር፤ ረቡዕ ረቡዕ ካርታ ለምጫወትበት የጡረተኛ ወታደሮች ክበብ። ግድግዳቸው ባዶ ነው። ያሳዝናል።"

ቤቱ ውስጥ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የነበረው ሰው ብዙ አይደለም። አስታማሚዋ ሳቢራ ነበረች። ከእንግሊዝ ሊጠይቃቸው የመጣው የወንድማቸው ልጅ ሩፐርት ደግሞ ታች፣ ከመሬት ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነው የሚያድረው። ሻለቃው ራሳቸው በሕክምና ማመላለሻ ቫን ለእግራቸው ፊዚዮቴራፒ ሄደው ነበር፤ ሹፌሩ ያደታ ወስዶ መልሷቸዋል። ኮሪደሩ ላይ፣ ከሥራ ክፍላቸው በር ትይዩ፣ ትንሽ ካሜራ ተሰቅላለች። ወደ ክፍሉ የሚገባውን ሁሉ ትቀርጻለች። ማለትም ሌላ ቀን ትቀርጻለች። ማክሰኞ ግን ልክ ሻለቃው ከመውጣታቸው በፊት ጠፍታ፣ ሲመለሱ በራች። ልክ እንደዚያ፤ እንደ ታዘዘ ሰው።

"እሷው ናታ ያጠፋቻት" አለ ሩፐርት። ከአጎቱ ቀጥሎ "ሰር" የሚባለው እሱ ነው፤ ካሁኑ የተባለ ያህል አገጩን ያነሳል። "ሌላ ማን አለ?"

"አንተ አለህ።"

"እኔ እዚሁ ታች ነበርኩ። ረፋዱን በሙሉ ከእናቴ ጋር በቪዲዮ ሳወራ።"

"በስልክህ?"

"በቤቱ ዋይፋይ ነዋ! እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር አለ?"

ሐምራዊት ስልኳን አየች። እውነቱን ነው፤ የድንጋዩ ግድግዳ ሲግናሉን ጥርግ አድርጎ በልቶታል። ወደ ላይ ወጥታ ለእናትየው ደወለች። ሴትዮዋ አፋቸውን ሞልተው፣ "አዎ፣ ረፋዱን ሙሉ ከእኔ ጋር ነበር። ፀጉሩን እንዲቆረጥ ስለምነው" አሉ። እንዲህ ዓይነት እናት ደግሞ ማን ደፍሮ ይጠረጥራል?

ሳቢራ ወጥ ቤት ቆማ የሻለቃውን ሻይ ትቀዳለች።

"የት ነበርሽ?"

"እዚሁ። ልብስ አጠብኩ፣ ሾርባ ሠራሁ። ሥራ ክፍላቸው ውስጥ አልገባሁም፤ ወላሂ።"

"ስልክሽን አሳዪኝ።"

"ጠፋ።"

"መቼ?"

"ማክሰኞ ጠዋት። ከቤት ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት ይመስለኛል።"

ሐምራዊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ኒሻኑ የጠፋ ዕለት ስልክሽም ጠፋ።"

"እሱም ቀን አይቶ ነው መሰለኝ" አለች ሳቢራ፤ ለመሳቅ ሞክራ አልሆነላትም። "እህቴ፣ ስሚኝ። ጉዳዩ እስከ ዐርብ ካልጠራ የቀጠረኝ ኤጀንሲ ያባርረኛል። ከሽማግሌ ሰረቀች የተባለች ሴት ደግሞ ሌላ ቦታ ማን ይቀጥራታል? አባቴን ለዓይኑ ሕክምና ላመጣው ነው። የቪዛ ኢንተርቪው ቀኑ ደርሷል። ሥራ ከሌለኝ አባቴን በምን..."

ለምርመራው ተጠርቶ በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ያደታ በድንገት ማሳል ጀመረ። እያሳለ ወጣ። እያሳለ ደረጃውን ወረደ። ሐምራዊት በመስኮት አየችው፤ ቫኑን ተደግፎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል።

"አሃ" አለች በሆዷ። ኅሊናው ወጋው።

ተከትላው ወጣች።

"ያደታ፣ ማክሰኞ ቤት ገብተህ ነበር?"

"እኔ? ኧረ እኔ በር ላይ ነው የምቆመው። ጫማ አውልቅ ይሉኛል፤ ካልሲዬ ደግሞ..."

"ካልሲህን ተወው። አልገባህም?"

"በጭራሽ።"

ተመልሳ ሻለቃውን ጠየቀች።

"ያደታ? እንዴታ፣ ገብቷል። ሥራ ክፍሌ ውስጥ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ አየሁት። የሚጸልይ መሰለኝና ፊቴን አዞርኩ። ሰው ከአምላኩ ጋር ሲነጋገር ጨዋ ሰው አያዳምጥም።"

"ሻለቃ፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የሚጸልይ ሰው አይተው ያውቃሉ?"

"ወጣቷ እመቤት፣ በየአገሩ ዘምቻለሁ። ሰው የማይጸልይበት ቦታ አላየሁም።"

ሐምራዊት ዓይኗን ጨፈነች። እንደገና ወደ ቫኑ ሄደች። ክሊንተንቪል ውስጥ ስትመላለስ የሚያዩዋት ጎረቤቶች ስፖርት የምትሠራ ሳትመስላቸው አልቀረችም።

"ጠረጴዛው ሥር ምን ታደርግ ነበር?"

ያደታ ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ አለ። "እ... ስጸልይ ነበር።"

"አሁን አልገባሁም አላልክም?"

"ረስቼው ነው።"

"ምን ብለህ ጸለይክ?"

"የግል ነው!"

"ያደታ፣ ብዙ ሌባ መርምሬያለሁ። እንዳንተ ዓይነት ውሸት የማይችል ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ፤ ምስጋና መስሎት።

ያን ዕለት ማታ ሳቢራን ሥራ ስትጨርስ በመኪናዋ ወደምትኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሊንደን ወሰደቻት። ቤቱን አየት አድርጋ ስልኩን ልትፈልግ ነው። ሳቢራ ክሊቭላንድ አቬኑ አጠገብ፣ መጋዘን ውስጥ ከምትሠራው ጓደኛዋ ከሙኒራ ጋር ትኖራለች። ሙኒራ በሩን ከፍታ ፖሊስ ስታይ ክው አለች።

"የሳቢራን ስልክ አይተሻል?"

"የለም" አለች ሙኒራ። ከሳቢራ ጀርባ ቆማ ግን ዓይኗን አፈጠጠች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"የምን ጥቅሻ ነው?" አለች ሐምራዊት ጮክ ብላ።

ሳቢራ ዞር አለች። ሙኒራ ዓይኗን ማሸት ጀመረች። "አቧራ ገባብኝ። ኡፍ፣ ይሄ ቤት።"

"አሁን ጠራርገሽው የለ እንዴ?" አለች ሳቢራ። "እሺ፣ ያንቺን ስልክ አበድሪኝና አባቴን ልደውልለት። ስልኬ ከጠፋ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም፤ ያስባል።"

"ቻርጅ የለውም።"

"ትናንትም ቻርጅ የለውም አልሽ!"

"ባትሪው ሞቷል... ማለቴ፣ ተበላሽቷል" አለች ሙኒራ፤ "ሞቷል" ስትል አፏን በእጇ ጋረደች። ከዚያ ገንፎ አረረብኝ ብላ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ወጥ ቤት ውስጥ ገንፎ አልነበረም። ምድጃው ጠፍቷል። ሐምራዊት ሁሉንም አየች፣ ሁሉንም በአንድ ክር አሰረች። ሹፌሩ ካሜራውን ያጠፋል፣ ሳቢራ ኒሻኑን ታነሳለች፣ ሙኒራ የተጻጻፉበትን ስልክ ትደብቃለች። ታሪኩ ቁጭ አለላት። የማይዋጥላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሌባ ቢሆኑ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ነበር የሚያዙት።

አለቃዋ ደወለ። "ዐርብ ጠዋት አስታማሚዋን ይዘሽልኝ ነይ።"

"ጉዳዩ ገና አልጠራም።"

"ስልክ ደብቃለች፣ ካሜራ ጠፍቷል፣ ቤቱ ውስጥ እሷ ነበረች። ምን ቀረሽ?"

ምን እንደቀራት ብታውቅማ ለምን ትናደድ ነበር!

ሐሙስ ዕለት ሙኒራን ለብቻዋ ልታፋጥጣት ተመልሳ ሊንደን ሄደች። ከአፓርታማው ጀርባ መኪናዋን ስታቆም ያደታን አየችው። ብቻውን አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው፣ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ጣሰው አብረውት አሉ። ከቫኑ ውስጥ ታጣፊ ወንበር እያወረዱ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ይደረድራሉ። ሙኒራ ደግሞ ሕፃን የሚያሳጥብ ትልቅ ድስት አቅፋ ትከተላቸዋለች።

"ሰርግ አለ እንዴ?" አለች ሐምራዊት።

ሦስቱም እንደ ሐውልት ደረቁ።

"ኧረ ምንም የለም" አሉ ጋሼ ጣሰው። "ወንበሩ... ነፋስ እንዲያገኘው ብለን ነው።"

ሐምራዊት አፏን ልትከፍት ነበር፤ ተወችው። አንድ ጊዜ፣ ገና እዚህ አገር እንደመጡ፣ ቤታቸው በር ላይ እንዲህ ዓይነት ወንበር ተደርድሮ አይታ ታውቃለች። ጎረቤቱ ሁሉ ለእናቷ "እንዲያው ልንጠይቅሽ ነው" ሲል፣ ማንም ወደ ዓይኗ ሳያይ። ያን ቀን እሷም ልጅ ሆና ውሸቱን አምና ነበር።

አንዱን ወንበር ዘርግታ ተቀመጠችበት።

"ማነው የሞተው?"

ጋሼ ጣሰው የያዙትን ወንበር መሬት አስቀመጡ።

"የሳቢራ አባት" አሉ። "ሰኞ። ኮምቦልቻ። ተቀብሯል።"

"እና እኔን... እኔን ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ኳስ ስታንከባልሉኝ! አንዱ ይጸልያል፣ አንዷ ትጠቅሳለች! ቃል አይነገርም? አንዲት ቃል?"

ሙኒራ ድስቱን ዱብ አደረገችው። "ለፖሊስ? ፖሊስ ምን ብሎ ይነግራታል? 'አባትሽ ሞቷል፣ ሶሪ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ!' አንቺ ደግሞ ያደግሽው እዚሁ ነው። እኛ በምን እንመንሽ?"

ሐምራዊት ድስቱን አንስታ ጥግ አስቀመጠችው። ያበሳጫትም ነገሩ እውነት መሆኑ ነው።

"ወንድሟ ከሚኒያፖሊስ እየነዳ ነው" አሉ ጋሼ ጣሰው ረጋ ብለው። "የሥጋ ዘመዷ በሌለበት መርዶ አይነገርም፤ ልቧ ይሰነጠቃል። ነገ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን።"

"ስልኳስ?"

"እኔ ጋ ነው" አለች ሙኒራ። "ማክሰኞ ጠዋት ከቦርሳዋ አወጣሁት። ፌስቡኩ ላይ 'አላህ ይዘንለት' የሚል ጎርፎ ነበር።"

"እኔም" አለ ያደታ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "ሻለቃው ቤት ታብሌት እንዳለ ሳስታውስ ደነገጥኩ። ሳቢራ በትርፍ ጊዜዋ ፌስቡክ ታይበታለች። ዋይፋዩን ነቀልኩት። ሳጥኑ ጠረጴዛው ሥር ነው።"

"ካሜራውም እኮ የሚሠራው በዋይፋይ ነው! አንተ ስትገባ የቀረጸችውም ሳይላክ ቀረ!"

"ካሜራ እንዳለ በምን ላውቅ? ሁልጊዜ መሬት መሬት እያየሁ ነው የምገባው፤ ካልሲዬን..."

"ያደታ! መቼ መለስከው?"

"ሻለቃውን ስመልሳቸው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቷ 'ፌስቡክ ላይ የወጣውን ሁሉ አስጠፋሁ' ብላ ለሙኒራ ስትነግራት።"

"ስለዚህ ረፋዱን በሙሉ ቤቱ ውስጥ ዋይፋይ አልነበረም።"

"ብልጭም አላለም።"

ሐምራዊት ተነሳች። ወንበሩ ተገልብጦ ወደቀ። ያ ሰውዬ፣ ሩፐርት፣ ታዲያ ረፋዱን በሙሉ ከእናቱ ጋር ያወራው በምንድነው?

"ያደታ፣ ቫኑ ውስጥ ግባ። የነገርከኝን ፊቱ ትደግመዋለህ።"

"ሳቢራ ብትሰማስ?" አለች ሙኒራ። ድምፅዋ እንደ ቅድሙ ስለታም አልነበረም፤ ልመና ነበር። "እዚያው እኮ ነው ያለችው። አንድ ሌሊት ነው የቀረው፤ ወንድሟ ሳይመጣ፣ በሰው ቤት፣ ትሪ እንደያዘች..."

"አስወጣታለሁ" አለች ሐምራዊት።

ቃል መግባት ቀላል ነው። ሻለቃው ሥራ ክፍላቸው ውስጥ ወንበራቸው ላይ ተኮፍሰዋል፤ ሳቢራ መድኃኒታቸውን ትቆጥራለች፤ ሩፐርት ምድጃውን ተደግፏል።

"ሳቢራ፣ እስቲ ለአፍታ ውጪልን" አለች ሐምራዊት።

"አትወጣም" አሉ ሻለቃው። "የተጠረጠረችው እሷ ናት። በእኔ ክፍለ ጦር ተጠርጣሪ በሌለበት ነገር አይታይም።"

"ሻለቃ፣ እባክዎ..."

"ተቀመጪ፣ ሳቢራ።"

ሳቢራ ተቀመጠች። ሐምራዊት ክፍለ ጦሩንም፣ እንግሊዝንም፣ ያን "ታውቂያቸዋለሽ" ያላትን አለቃዋንም በሆዷ ረገመች። ከዚያ ወደ ሩፐርት ዞረች።

"ማክሰኞ ረፋድ ከእናትህ ጋር ያወራኸው በምንድነው?"

"ስንቴ ልንገርሽ? በዋይፋይ! በርግብ ልልክላት ኖሯል?"

"ዋይፋይ አልነበረም። ያደታ ሻለቃውን ሊወስድ ሲመጣ ነቅሎታል፤ ሲመልሳቸው ነው የሰካው። ካሜራዋም የጠፋችው ለዚያ ነው።"

ሩፐርት አገጩ ወረደ። ወዲያው ግን አነሳው። "ይሄ ሹፌር ይዋሻል። የሰው ቤት ኢንተርኔት ለምን ይነቅላል? እስቲ ለምን?"

መጥፎ ጥያቄ አይደለም። ችግሩም እሱ ነው። ሻለቃው ያደታን አዩት። ሳቢራም አየችው።

"ያዴ፣ እውነት ለምን ነቀልከው?" አለች በአማርኛ።

ያደታ አፉን ከፈተ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንዲት ቃል ብትወጣው ሁሉም ነገር እዚያው፣ በመድኃኒት ብልቃጥ መሀል ሊፈርስ ነው።

"የሚቃጠል ገመድ ሸተተው" አለች ሐምራዊት። "ጠረጴዛው ሥር ገባ፣ ሳጥኑ ግሏል፣ እስኪቀዘቅዝ ነቀለው። ለእኔ ያልነገረኝም ያለፈቃድ የሰው ዕቃ ነካህ እንዳይባል ፈርቶ ነው። አይደል ያደታ?"

"ነው" አለ ያደታ። "ግሎ ነበር። በጣም።"

ባጅ ካጠለቀች ጀምሮ በምርመራ ላይ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነው። ሪፖርቱ ላይ እውነቱን ትጽፈዋለች፤ ሪፖርቱን ደግሞ እስከ ነገ ማንም አያነበውም። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ሁለት ቀን ሙሉ ጥርሷን ያስነከሳትን ውሸት እሷው ከሁሉም አስበልጣ አሳመረችው።

"እናትህን አሁን እደውልላቸዋለሁ" ብላ ቀጠለች፣ ሩፐርትን ሳትለቅ። "ለፖሊስ መዋሸት ምን እንደሚያስከትል እነግራቸውና እንደገና እጠይቃቸዋለሁ። ወይስ አንተ ትነግረኛለህ?"

ሩፐርት ምድጃውን ለቀቀ። "ካርታ ለሚጫወቱ ጡረተኞች!" ብሎ ፈነዳ። "የፔንሃሎው ኒሻን፣ ከቢራ ማስታወቂያ አጠገብ ሊሰቀል! ቤቱ ሄደ፣ መሬቱ ሄደ፤ ለእኔ የሚቀረኝ ስም ነው። ባዶ ስም! የካሜራዋ መብራት ጠፍቶ ሳይ... ተበላሽታ መሰለኝ። ወስጄ ወደ አገራቸው ልመልሳቸው እንጂ ልሸጣቸው አይደለም።"

"እና ሳቢራ ትታሰር?"

ኒሻኖቹ የጎልፍ ቦርሳው ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልለው ተገኙ።

ሻለቃው ኒሻኖቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። "ሩፐርት" አሉ በመጨረሻ፣ "በእኔ ሥር ብትሆን ኖሮ ድንች አስልጥህ ነበር። አሁን ግን ከዚህች እመቤት ጋር ሂድ።"

ሳቢራ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። የደስታ ነው። ሐምራዊት ማየት አልቻለችም።

ሌላ ፖሊስ ሩፐርትን ይዞት ሲወጣ፣ ሳቢራም ሻይ ልታፈላ ስትሄድ፣ ሻለቃው በጣታቸው ሐምራዊትን ጠሯት።

"የተቃጠለው ገመድ። ብዙ ወታደር አዝዣለሁ፤ ውሸት ሲነገር አውቃለሁ። ጥሩ ምክንያት ነበረሽ?"

ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ሻለቃው ወደ ወጥ ቤቱ አዩ። ሳቢራ እያንጎራጎረች ነበር።

"እኛ ቴሌግራም ነበር የምንልከው" አሉ። "ነገ በስንት ሰዓት ነው?"

"ጎህ ሲቀድ።"

"መኪና ላኪልኝ።"

ዐርብ ማለዳ የክሊቭላንድ አቬኑ የመጀመሪያው አውቶቡስ ባዶውን ሲያልፍ፣ የነሳቢራ ደረጃ ላይ ሰው ተሰልፎ ነበር። ጋሼ ጣሰው፣ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረው ወንድሟ፣ ያደታ፣ የሰፈሩ ሴቶች። ከሁሉም ኋላ ሻለቃው ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። "ፖሊስ ስታይ ለትናንቱ ጉዳይ ይመስላታል፤ አትደነግጥም" ብለው ሐምራዊትን ከፊት ያደረጓት ጋሼ ጣሰው ናቸው። ሐምራዊት አንኳኳች።

ሳቢራ የሱብሂ ሰላቷን ጨርሳ ነበር። በሩን ራሷ ከፈተች፤ ሐምራዊትን አይታ ሳቀች።

"ምነው በጠዋቱ? ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋ?"

ማንም አልሳቀም። ሳቢራ በሐምራዊት ትከሻ በኩል አሻግራ አየች። "ሻለቃ! መድኃኒትዎን ሳይወስዱ ማን አስወጣዎት?" ከዚያ ወንድሟን አየችው። ሚኒያፖሊስ መሆን የነበረበትን ወንድሟን። ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ሰው እንደረሳው ዕቃ።

ጋሼ ጣሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ "ልጄ..." ብለው ጀመሩ። ሳቢራ ግን ዓይኗን ሐምራዊት ላይ ተክላለች።

"አንቺ ንገሪኝ" አለቻት። "እነሱ ይዋሹኛል። አንቺ ፖሊስ ነሽ፤ አትዋሺኝም።"

ሐምራዊት ጫማዋን አወለቀች። ገብታ ሳቢራን አቀፈቻት፤ ምንጣፉ ላይ አብራት ተቀመጠች፤ ወንድሟ መጥቶ በሌላ በኩል እስኪይዛት ጠበቀች። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ ነገረቻት።